ፒካፕም እርካብ ያስፈልገዋል

አክስቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጉልበታቸው ከዓመት ዓመት እየደከመ ነው፤ ለቅሶ ግን አይቀሩም። አምና የካቲት ወደ ፍቼ ለቅሶ ስንሄድ፣ ደብል ጋቢና ፒካፔ ላይ እንዲወጡ ብለን የቡና በርጩማ ከቤት ይዘን ወጣን። በርጩማውን በሩ ሥር አስቀመጥን። እኔ ከውስጥ እጃቸውን ያዝኩ፣ የአጎቴ ልጅ ከኋላ ደገፈ። እንደምንም ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሲያበቁ ዘወር ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ በቅሎ እንኳን እርካብ አላት። ይሄን የሚያህል መኪና ገዝተህ እርካብ አጣህለት?»

እውነታቸውን ነው። የፒካፕ ወለል ከመሬት ግማሽ ሜትር አልፎ ነው የሚገኘው። የቤት ደረጃ አንዱ እርከን ደግሞ 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ነው። ፒካፕ ላይ የሚወጣ ሰው ሦስት ደረጃ በአንድ እርምጃ ይወጣል ማለት ነው። ለጎረምሳ ምንም አይደል። ጉልበቱን ለሚያመው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ጠባብ ቀሚስ ለለበሰች፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ግን ዳገት ነው። የድሮ መኪኖች ይሄ ጣጣ አልነበረባቸውም። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠሩትን በፎቶ ካያችሁ፣ ከፊት ፓራፋንጎ እስከ ኋላው የተዘረጋ ሰፊ መርገጫ አላቸው። በኋላ ቦዲው ወደ ጎን እየሰፋ መርገጫውን ዋጠው፣ የቤት መኪናውም ወደ መሬት ቀረበ። ፒካፑ ግን ከፍ እንዳለ ቀረ።

እኔም በሳምንቱ አንድ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። መርገጫ እንዲሆን የተሠራ የሚያብረቀርቅ ክብ ቱቦ ተሰቅሎ አየሁ። መኪናዬ ላይ ሲገጠም ገና ሳልገዛው ታየኝ። አልለካሁም፣ አልጠየቅኩም። ገዛሁ፣ አስገጠምኩ። እስከ ክረምት ድረስ ጌጥ ነበር። ዝናብ ሲጀምር የአክስቴ ጫማ ቱቦው ላይ ተንሸራተተ። ክንዳቸውን ይዣቸው ስለነበር ለትንሽ ተረፉ። መስከረም ላይ ደግሞ ዕቃ ለማሰር የወጡ ሁለት ልጆች የቱቦው የኋላ ጫፍ ላይ አብረው ቆሙ። ቱቦው ጎንበስ አለ፤ ፊት ለፊት ያለው ጫፉ ደግሞ ተነሳና የፊት በር ሲከፈት ከሥር ይፋቅ ጀመር። አሁን የምነዳው ከሁለተኛው መርገጫ ጋር ነው። ሁለተኛውን ስገዛ ግን ሜትርም ጥያቄም ይዤ ሄድኩ።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዋጋው አይደለም፣ መልኩም አይደለም። ማን ነው የሚረግጠው? መኪናው የሚሄደውስ የት ነው? መርገጫ ለእግር ዝቅ ባለ ቁጥር ይመቻል፤ ለመንገድ ግን ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል። ሁለቱ ይጣላሉ። ምርጫ የሚባለው ነገር ሁሉ ይሄን ጠብ ማስታረቅ ነው።

ከእግሩ እንጀምር። ጥሩ መርገጫ ከመሬት እስከ ወለሉ ያለውን ከፍታ ለሁለት የሚከፍል ነው። ካታሎግ አያስፈልጋችሁም፣ ብሎኬት ይበቃል። አንድ የ20 ብሎኬት እንደሚገነባው አድርጋችሁ በሩ ሥር አቁሙ። ላዩ ላይ የ15ቱን በጎኑ አጋድሙት። 35 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ብዙ የሚቸገረውን ሰው ክንዱን ይዛችሁ አውጡት። ቀለል ብሎት ወጣ? እንግዲያው የመርገጫችሁ ከፍታ እሱ አካባቢ ነው። አሁንም ከቃተተ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። አክስቴ በ35ቱ ወጡ። ያ የገዛሁት ቱቦ ተገጥሞ ስለካው 46 ነበር። ጉልበታቸው መቼ ቀለለው ታዲያ? እንዲያውም አንድ የሚያደናቅፍ ነገር ጨመርኩላቸው።

ስፋቱንም አትርሱ። እግር በተረከዝ አይወጣም፤ መሃል እግር ላይ መደገፍ አለበት። ከቦዲው 12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ወጣ ያለ መርገጫ ጫማን በደንብ ይቀበላል። ከዚያ በላይ ሲወጣ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ረጅም ሰው ሳይረግጠው በቀጥታ ሲወርድ የሱሪው ባት ጠርዙን ጠርጎት ያልፋል። በጭቃ ወቅት ነጭ የሀገር ልብስ ለብሶ ከፒካፕ የወረደ ሰው ያውቀዋል።

ገበያ ላይ ያለው ዓይነት ብዙ ይመስላል። ሲጠቀለል ግን አራት አምስት ነው። ጠፍጣፋው ከፊት በር እስከ ኋላ በር ድረስ እንደ መደርደሪያ ይዘረጋል። ሙሉ እግር ያርፍበታል፣ የት እንደምትረግጡ ማየት አያስፈልጋችሁም። አንድ ተጨማሪ ጥቅምም አለው፦ ፒስታ መንገድ ላይ የፊት ጎማ የሚወረውረውን ጠጠር ተቀብሎ የበሩን ቀለም ያድናል። ክብ ቱቦው በብዛት 3 ኢንች፣ ማለትም ሰባት ተኩል ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። የሚረገጠው በየበሩ ሥር ያለችው ጥቁር የፕላስቲክ ንጣፍ ብቻ ናት። እግር ከእሷ ዝንፍ ካለ የተወለወለ ክብ ብረት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ዝናብ ሲጨመርበት ሳሙና ነው። ሞላላ ሆኖ ከ4 እስከ 6 ኢንች የሚሰፋው ይሻላል። ሦስተኛው ከቱቦው ሥር በየበሩ እንደ እርካብ ወደ ታች የተንጠለጠለ መርገጫ ያለው ነው። ለአረጋውያን ከሁሉም ይመቻል፤ ድንጋይም ከሁሉም ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው።

ስላይደር የሚባለው ለብቻው ይታይ። እሱ ከመርገጫነቱ ጋሻነቱ ይበልጣል። ወፍራም ብረት ነው፣ መኪናውን ከሥር ከሚሸከመው የብረት አጽም፣ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል፣ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የመኪናውን ክብደት እንዲሸከም ተደርጎ ነው የሚሠራው። ባሌ ተራራ ወይም ሰሜን ተራሮች ሥራ ያለው ሰው ቢያስገጥመው አልፈርድበትም። ቦሌና ሲኤምሲ የሚመላለስ ሰው ግን ጥንዱ ከ40 ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት ይዞ ለምን ነዳጅ እንደሚያቃጥል አላውቅም። ደግሞ ቦዲው ሥር ተለጥፎ ከፍ ስለሚል ለአክስቴ ዓይነት ሰው ደካማ መርገጫ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ሻጩ «ይሄ መኪና ከመሬት 28 ሴንቲ ከፍታ አለው፣ መርገጫው ከዚያ በላይ ነው፣ አይነካም» ሊላችሁ ይችላል። ነገሩ ግማሽ እውነት ነው። የመኪና ከፍታ የሚለካው ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ክፍል ድረስ ነው፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ጥርስ ቤት፣ የኋላው ዲፍረንሻል ነው። ዲፍረንሻሉ ያለው በሁለቱ ጎማዎች መካከል ስለሆነ ጎማዎቹ ጉብታ ላይ ሲወጡ አብሮ ይነሳል። መርገጫው ግን ያለው በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ነው። የፊት ጎማ ጉብታውን ተሻግሮ የኋላው ገና ሲቀር፣ ጉብታው የሚያገኘው ሆዱን ነው።

በግርድፉ እናስላው። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ የፊትና የኋላ ጎማ፣ ከመሃል እስከ መሃል፣ 3 ሜትር ከ8.5 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ከበሩ ሥር ያለው የቦዲ ጠርዝ ከመሬት 40 ሴንቲ ነው እንበል። መኪናው ሆዱ ሳይነካ የሚሻገረው ጉብታ፣ የመውጫውና የመውረጃው ዳገት ተደምሮ፣ ወደ 29 ዲግሪ ይሆናል። መርገጫው 10 ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቢንጠለጠል ያ ቁጥር ወደ 22 ይወርዳል። ሰባት ዲግሪ በወረቀት ላይ ምንም አይመስልም። የእርሻ ቦይ ስትሻገሩ ወይም ሰፈር ውስጥ ነዋሪው በራሱ ሲሚንቶ የሠራውን የፍጥነት መገደቢያ በአግድም ስትወጡ ግን ድምፁን ትሰሙታላችሁ። ጉዳቱ መርገጫው ላይ ብቻ አያበቃም። ወደ ላይ የተጣመመ መርገጫ በሩን ከሥር ይይዘዋል። በር የማይከፈት መኪና ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም።

ስለዚህ ከተማና አስፋልት ለሚያዘወትር ዝቅ ያለው ይሁን። ኮረኮንችና ወንዝ የእለት ሥራው ለሆነ ከፍ ያለ፣ ወደ ውስጥ የተጠጋ። ሁለቱንም ለሚያደርግ እንደኔ ዓይነቱ ጠፍጣፋው ይበቃዋል፤ ጥቂት መቧጨር ይኖራል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን ዋናው ነገር፣ መርገጫው የሚታሰረው የት ነው የሚለው ነው። ፒካፕ እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ አይደለም። ከሥር ሻንሲ አለ፣ ጋቢናው እላዩ ላይ ተቀምጧል። በመካከላቸው ጎሚኒ፣ የላስቲክ ትራስ አለ። መኪናው ኮረኮንች ላይ ሲሄድ ሻንሲው ይጠማዘዛል፣ ጋቢናው ደግሞ በትራሱ ላይ ለብቻው ይወዛወዛል። እንቅስቃሴው ትንሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ግን አያቆምም። መርገጫው በአንድ እጁ ሻንሲውን፣ በሌላው ቦዲውን ከያዘ ሁለቱን የሚያጣላ ሽማግሌ ይሆናል። መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ቀጥሎ ቡሎኑ ይላላል፣ በመጨረሻ የቦዲው ላሜራ ይሰነጠቃል። ወይ ሻንሲ ላይ ብቻ፣ ወይ ፋብሪካው ለዚህ ብሎ ባዘጋጃቸው የቦዲ ቀዳዳዎች ላይ ብቻ ይታሰር። ሻንሲ ላይ ከሆነ በመርገጫውና በቦዲው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ከተገጠመ በኋላ ጎንበስ ብላችሁ ጣታችሁን አስገቡ። ካልገባ አትክፈሉ።

ክብደቱስ? መርገጫ ተሸክሞ የሚያድር መደርደሪያ አይደለም፣ ማንሻ ነው። ማሰሪያው ብረት ወደ ጎን በወጣ ቁጥር የሚረግጠው ሰው ቡሎኑን የሚመነግልበት ጉልበት ይጨምራል። 80 ኪሎ ሰው ከሻንሲው 30 ሴንቲ ርቆ ሲቆም በ15 ሴንቲ ከሚቆመው ጋር ሲነጻጸር እጥፍ ያስጨንቀዋል። ከአሜሪካ የሚመጡት ላይ ብዙ ጊዜ 300 ፓውንድ የሚል ታገኛላችሁ፤ 136 ኪሎ ነው። ለአንድ ጎን ነው ወይስ ለጥንዱ ብላችሁ ጠይቁ። 65 ኪሎ የሆነ ጫኝ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ተሸክሞ ቢወጣበት 115 ሆነ። ይሄ ቀስ ብሎ ከወጣ ነው። ዘሎ ሲረግጥ ብረቱ የሚሰማው ከዚያ ይበልጣል።

የማሰሪያው ብዛት ደግሞ አለ። የኔ ቱቦ የተያዘው በየጎኑ በሁለት ማሰሪያ ነበር። ልጆቹ የቆሙት ከኋለኛው ማሰሪያ አልፎ በተንጠለጠለው ጫፍ ላይ ነው። ለደብል ጋቢና በየጎኑ ሦስት ማሰሪያ ይኑረው፤ ከመጨረሻው ማሰሪያ አልፎ የሚተርፈው ጫፍም ከስንዝር አይብለጥ። ሁለተኛውን ስገዛ መጀመሪያ የገለበጥኩት ይሄን ለማየት ነው። ሻጩ «ምን እየፈለግክ ነው?» አለኝ። «ጀርባውን» አልኩት።

የብረቱን ነገር ባጭሩ። አልሙኒየም ቀላል ነው፣ እንደ ብረት አይዝግም፤ ከተጣመመ ግን ማቃናት ይከብዳል፣ መበየዱም ሁሉም በያጅ የሚችለው አይደለም። ተራ ብረት በቀለም የተሸፈነው ርካሽና ጠንካራ ነው፤ ጠላቱ ጠጠር ነው። ጠጠር ቀለሙን በጫረበት ዝገት ከሥር እያበጠ ይሄዳል። ስቴንለስ የሚባለውን ማግኔት ይዛችሁ ሂዱና ፈትኑት። ክሮም የተነከረ ብረት ከሆነ ማግኔቱ ጥብቅ ብሎ ይይዘዋል፣ ተያዘ ማለት ነው። ካልያዘው ግን ጥሩ ስቴንለስ ነው ብላችሁ አትጨብጭቡ። 304 የሚባለው ደህናው ዓይነትም፣ 201 የሚባለው ርካሹም ማግኔት ብዙም አይስባቸውም። 201 ግን ቶሎ ይበላሻል።

ዝገት የሚያፈጥነው ጭቃና ጨው ነው። ዋልካ አፈር ጠፍጣፋው መርገጫና ቦዲው መካከል ገብቶ እንደ ምርጊት ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ለሳምንት እርጥብ ነው። ከላይ ብቻ የታጠበ መኪና አልታጠበም፤ የውሃውን ቱቦ ከሥር ወደ ላይ አዙሩት። አፋር ጨው የሚጭኑ፣ ወይም ሚኒሶታ በረዶ ላይ በሚነሰነሰው ጨው የሚነዱ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። አልሙኒየም መርገጫ በብረት ቡሎን ሲታሰር፣ ጨዋማ እርጥበት ሲያገኘው አልሙኒየሙ ቡሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል። በመካከል የፕላስቲክ ሮንዴላ ማስገባት ወይም ግራሶ መቀባት ብዙ ያግዛል።

«ለምን ከውጭ ትገዛለህ፣ እዚሁ በያጅ ጋር አሠራው» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ጎበዝ በያጅ ከቱቦላሬና ከላሜራ ከሱቁ የሚበልጥ ሊሠራላችሁ ይችላል፣ ከፍታውንም በልካችሁ። ሁለት ነገር ግን እዩ። መርገጫው ተበይዶ ያልቅና ሻንሲው ላይ በቡሎን ይታሰር እንጂ ሻንሲው ላይ አይበየድ፤ ባሉት ቀዳዳዎች ተጠቀሙ፣ አዲስ አታስበሱ። የሻንሲ ጥንካሬ በሙቀትና በቀዳዳ ይቀንሳል። የፍሬንና የነዳጅ ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመዶችም ሻንሲውን ታክከው ነው የሚያልፉት። ሁለተኛው፣ መኪናው ላይ የግድ ብየዳ ከተሠራ መጀመሪያ ባትሪው ይነቀል። የዛሬ ፒካፕ ኮምፒውተር አለው፤ የብየዳ ኤሌክትሪክ መንገዱን ሲስት የሚያደርሰው ጉዳት ከመርገጫው ዋጋ በብዙ ይበልጣል።

የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የመኪናችሁን ትውልድ እወቁ። ከ2004 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ብዙዎቻችን ቪጎ የምንለው፣ እና ከ2015 ወዲህ የመጣው ሬቮ ስማቸው ሃይሉክስ ቢሆንም ማሰሪያቸው አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ሲንግል ጋቢናና ደብል ጋቢና ደግሞ ርዝመታቸው ይለያያል። አሜሪካ ያለ ወንድም ወይም እህት «ከዚህ ልላክልህ» ሲል ቶሎ እሺ አትበሉ። ቶዮታ ከ1995 ጀምሮ እዚያ የሚሸጠው ታኮማን ነው፣ ሃይሉክስን አይደለም። የታኮማ መርገጫ ለሃይሉክስ አልተሠራም። ስንት ብር የጉምሩክና የጭነት ከተከፈለ በኋላ ግቢ ውስጥ የልብስ ማስጫ የሆነ መርገጫ በዓይኔ አይቻለሁ።

በር ሲከፈት የሚወርድ፣ ሲዘጋ የሚሰበሰብ የኤሌክትሪክ መርገጫም አለ። የእግሩንና የመንገዱን ጠብ በትክክል የሚፈታው እሱ ብቻ ነው፦ ስትቆሙ ዝቅ ይላል፣ ስትሄዱ ይጠፋል። ጽዱ አስፋልት ላይ ለሚውል ሰው ደስ ይላል። ለኛ አቧራና ጭቃ ግን ሞተሩም መገጣጠሚያውም ቶሎ የሚታነቅ ይመስለኛል። መለዋወጫው ከየት ይመጣል የሚለውን መልሳችሁ ካላችሁ ግዙት።

ከተገጠመ በኋላ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ስትነዱ ቡሎኖቹን በሙሉ እንደገና አጥብቁ። አዲስ ነገር ይቀመጣል፣ ዳዶ ይላላል። ሌላው፣ ጎማ ሲተነፍስ ጎሚስታው ክሪኩን መርገጫው ሥር እንዳይተክል ቆማችሁ እዩ። መርገጫ ሰው እንጂ መኪና አያነሳም። ከስላይደር በቀር።

አዲሱ መርገጫዬ ጠፍጣፋ ነው። ከመሬት 36 ሴንቲ ሜትር፣ በየጎኑ ሦስት ማሰሪያ፣ ላዩ ሻካራ። የተገጠመ ቀን አክስቴን ጠራኋቸው። የኋላውን በር ከፈትኩላቸው፣ አንድ እግራቸውን አስቀመጡ፣ ቆሙ። ከዚያ አልተንቀሳቀሱም።

«ምነው?»

«እግሬንማ አስቀመጥኩት። እጄንስ?»

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። ሰው የሚወጣው በእግሩ ብቻ አይደለም፣ በእጁም ራሱን እየሳበ ነው። የሚይዙት ሲያጡ የሚጎትቱት በሩን ነው፤ በር ደግሞ ይወዛወዛል፣ ማጠፊያውም ይላላል። መኪናችሁ ውስጥ በየበሩ መያዣ መኖሩን መርገጫውን ከመግዛታችሁ በፊት እዩ። ከሌለ የበሩን ምሰሶ በስታችሁ አትግጠሙ፤ ብዙ መኪኖች ላይ የኤርባግ ገመድ በዚያ ያልፋል። ከወንበሩ የራስ መደገፊያ እግር ጋር የሚታሰር ጠንካራ የጨርቅ መያዣ ይበቃል።

የኔ መኪና ከፊት በኩል መያዣ አለው፣ ከኋላ የለውም። አክስቴም ከዚያ ቀን ወዲህ የሚቀመጡት ጋቢና፣ ከጎኔ ነው። የአጎቴ ልጅ ከኋላ ሆኖ እያጉረመረመ ነው።